ለሞተር ሳይክል የትኛው ቁልፍ ያዋጣል?

ዕቃ በማድረስ ለሚተዳደር ሰው ሞተሩ ሲሰረቅ የዕለት ገቢውም አብሮ ይሄዳል። ብዙዎች የሚተማመኑበት የመሪ ቁልፍ በጉልበት ሲጠመዘዝ ይሰበራል። የፍሬን ዲስክ ላይ የሚገባው ትንሽ ቁልፍም ጎማውን ከማገድ አያልፍም፤ ሞተሩን አንሥተው ፒካፕ ላይ ለሚጭኑ ሌቦች እንቅፋት አይሆንም። (ባለቤቱ ረስቶት ከተነሣ ደግሞ ራሱን ይጥለዋል።)

ስለዚህ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ሰንሰለት ነው። የሚመረጠውም በልባሱ ማማር ሳይሆን በብረቱ ውፍረትና ጥንካሬ ነው። 10 ሚሊ ሜትሩን በእጅ መቁረጫ መበጠስ ይቻላል፤ 16 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ጠንካራ ብረት ግን ሌባውን ድምፁ ሩቅ የሚሰማ ግራይንደር እንዲይዝ ያስገድደዋል። ሰንሰለቱ በኋላ ጎማና በሻንሲው በኩል አልፎ ከማይነቀል ብረት ጋር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታሰር፤ መሬት ላይ ከተኛ ለመቁረጫው መደገፊያ ያገኛል። ክብደቱ ለማመላለስ ስለማይመች ማታ ሞተሩ በሚያድርበት ግቢ ትቶት፣ ቀን የዲስክ ቁልፉን መያዝ ይሻላል።