ሕመም ማስታገሻው ፓምፕና የትከሻ ልም አጥንት

በአረፋ ሰሞን ጨፋ ሮቢት ላይ በግ ታርዶ ወርቹ ሲገነጠል ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ በአጥንቱ ራስ ላይ ያለችውን ነጭ፣ አብረቅራቂና የምታሟልጭ ሽፋን ያውቃታል። ልም አጥንት የምትባለው እሷ ናት፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሏታል። የሰውም ትከሻ ያለ ጣር የሚዞረው በእሷ ነው። ውፍረቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የደም ሥር የላትም፤ ምግቧን የምታገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ነርቭም ስለሌላት ስትጎዳ ባለቤቷ ወዲያው አይሰማውም። አንዴ ከጠፋች ደግሞ ተመልሳ አትበቅልም።

ይህችን ሽፋን ሲያጠፋ የተገኘው መሣሪያ የመጣው ለበጎ ነበር። ትከሻ ኦፕራሲዮን ሲደረግ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች እንቅልፍ የሚነሱ ናቸው። እናም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በተለይ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ሕመምተኛውን የቴኒስ ኳስ የምታህል ፓምፕ አስይዘው ወደ ቤቱ ይልኩት ጀመር። በማደንዘዣ የተሞላው ፊኛ ባትሪም ኤሌክትሪክም ሳይፈልግ በራሱ ግፊት እየተኮማተረ፣ በቀጭን ቱቦ በሰዓት ሁለት ወይም አራት ሚሊ ሊትር ያንጠባጥባል። ጣጣው የቱቦው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ነበር፤ በብዙዎቹ ላይ በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል።

ከመድኃኒቶቹ ዋነኛው ቡፒቫኬይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊድን ውስጥ የተሠራ ሲሆን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ወገቧን ተወግታ፣ እግሯ ደንዝዞ፣ የልጇን ለቅሶ ነቅታ የምትሰማው ብዙ ጊዜ በዚሁ መድኃኒት ነው። ለእሷ ግን አንዴ የሚሰጣት ሁለት ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። በሰዓት አራት ሚሊ ሊትር ለ72 ሰዓት የተንጠባጠበለት ትከሻ 288 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። የልም አጥንት ሕዋሳት በዚያ ሁሉ መድኃኒት ተነክረው ሲቆዩ ይሞታሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ቦታውና ሰዓቱም ተጠያቂዎች ናቸው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ 35 ሰዎች ልም አጥንታቸው እንደሟሟ ሪፖርት ደርሶት ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጉዳት የደረሰው ትከሻ ላይ ነው። ሕመሙና መገተሩ በአንዳንዶቹ ላይ የጀመረው ገና በሁለተኛው ወር ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደገና ቢላዋ ገቡ፤ መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ የተተካም አሉ። ማደንዘዣዎቹም ሆኑ ፓምፖቹ መገጣጠሚያ ውስጥ እንዲህ ሳያቋርጡ እንዲንጠባጠቡ ፈቃድ ኖሯቸው አያውቅም።

ዛሬ የተሻለው መንገድ አንገት ሥር ያሉትን የትከሻ ነርቮች በአልትራሳውንድ እያዩ ማደንዘዝ ነው፤ መድኃኒቱ መገጣጠሚያው ውስጥ አይገባም። እሱም እንከን አያጣም፦ በዚያው በኩል ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ለጊዜው ስለሚያደነዝዝ፣ የሳንባ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ጨፋ ሮቢት ላይ ትከሻው የወለቀ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ፓምፑም እዚህ የዕለት ተዕለት ወሬ አይደለም። ነገር ግን ለሕክምና ርቆ የሚሄድ፣ ውጭ አገርም ዘመድ ያለው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከኦፕራሲዮን በፊት «ማስታገሻው የት ነው የሚሰጠኝ? ነርቩ ላይ ነው ወይስ መገጣጠሚያው ውስጥ?» ብሎ ቢጠይቅ አያሳፍርም። ቁስሉ ድኖ ከወራት በኋላ ትከሻው እየተገተረና ሲንቀሳቀስ እየተንቋቋ ከመጣ ደግሞ፣ «ብርድ ነው» ተብሎ በቅባት ከመታሸቱ በፊት ከሚሴ ወይም ደሴ ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ይነሣ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ጠብቦ ከሆነ በራጁ ላይ ይታያል።