ጎማ ላይ ላለ ቤት ቴሌቪዥን ማስገባት

አሜሪካኖች አር ቪ የሚሉት መኪና አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ጭኖ የሚዞር ቤት ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ወራት ይኖሩበታል፤ ቤተሰብ ደግሞ ለእረፍት ይከራየዋል። ቴሌቪዥን አይጠፋበትም። ችግሩ ቤቱ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ከተማ ማደሩ ነው፤ ትናንት የተያዙት ጣቢያዎች ዛሬ የሉም። ስለዚህ መኪናው በቆመ ቁጥር ጣቢያዎቹን እንደ አዲስ ሰርች ማድረግ ግድ ነው።

ከአየር ላይ በነጻ ለመቀበል የሚያገለግለው ጣሪያው ላይ የተኛው አንቴና ነው። ከውስጥ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ እጀታ አለ። እሱን ሲያሽከረክሩ አንቴናው ይነሳል፤ ከእጀታው በላይ ያለውን ቀለበት ወደ ታች ስበው ሲያዞሩት ደግሞ ወደ ማሰራጫው ይዞራል። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲያዞር ሌላው ከሳሎን «መጣ! ኧረ ሄደ!» እያለ በሚጮህበት ዘመን ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ያኔ ምስሉ ነጠብጣብ ሞልቶትም ቢሆን ይታይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2009 አናሎግ ስርጭታቸውን ዘግተዋል። ዲጂታሉ መሃል የለውም፦ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ ይደርቃል። ቴሌቪዥኑ ሲግናሉን ለመያዝ ጥቂት ሰከንዶች ስለሚፈልግ፣ ትንሽ አዙሮ መጠበቅ፣ ደግሞ ትንሽ አዙሮ መጠበቅ ነው። ቸኩሎ የሚያዞር ሰው ጣቢያውን አልፎት ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ ኬብል ነው። ብዙ የካምፕ ቦታዎች ላይ መብራት የሚሰካበት ምሰሶ የኬብል መሰኪያም አለው፤ ከዚያ እስከ መኪናው ጎን የሚደርሰውን ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው ነው ይዞ የሚመጣው።

ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትንሽ መብራት ያላት ቁልፍ አለች። ስትበራ በዚያው በአንቴናው ገመድ በኩል 12 ቮልት ወደ ላይ ትልካለች፤ አንቴናው ውስጥ ያለው ቡስተር የሚሠራው በዚህ ነው። ስትጠፋ ደግሞ የአንቴናው መስመር ይቋረጥና የኬብሉ ይከፈታል። ብዙ ሰው ገመዱን ሰክቶ፣ ቁልፏን ሳያጠፋ፣ «ኬብሉ አይሠራም» ብሎ ወደ ካምፑ ቢሮ ይሄዳል። ተበላሸ የተባለ አንቴናም ብዙ ጊዜ ቁልፏ ሳትበራ የቀረ ነው።

ቁልፏ ብቻዋን አትበቃም። ኬብልና አየር የሚጠቀሙበት ድግግሞሽ ስለሚለያይ፣ ከሰርች በፊት ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል። ሁሉም በትክክል ተደርጎ ጣቢያ ከጠፋ ኬብሉ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ ኩባንያዎች መሠረታዊ ጣቢያዎችን ጭምር እንዲቆልፉ ፈቅዷል። የተቆለፈውን የሚከፍተው ዲኮደር ስለሆነ፣ ካምፑ ይሰጥ እንደሆነ ገና ሲገቡ መጠየቅ ይሻላል።

ዲሽ የሚጭኑም አሉ። ሳተላይቶቹ ከአሜሪካ ሲታዩ በደቡብ በኩል ስለሆኑ፣ በዚያ አቅጣጫ ትልቅ ዛፍ ካለ ዲሹ ምንም አይዝም፤ ለቀትር ፀሐይ ተብሎ ከጥላ ሥር ማቆም እዚህ ዋጋ ያስከፍላል።

ከመነሳት በፊት አንቴናው ወደ መጀመሪያ አቅጣጫው ተመልሶ መተኛት አለበት። አንቴናው እንደቆመ የተነዳ መኪና የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ይገነጥለዋል፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ መሪው ላይ «አንቴና!» የሚል ወረቀት የሚያንጠለጥለው።