«አምናለሁ» እና «አልቀበልም»፦ በዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ማቆሚያ ክርክር የሚያገለግሉ ቃላት

የሕግና የአስተዳደር ሰነዶችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ዘወትር የሚያጋጥመው ችግር አቻ ቃል ማጣት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የበለጠ የሚያስቸግረው አቻ የሚመስል ቃል ቶሎ መገኘቱ ነው። ቃሉ በአገር ቤት ፍርድ ቤት የታወቀ፣ ለጆሮም የማይከብድ በመሆኑ ያለ ጥርጣሬ ይወሰዳል፤ ይሁን እንጂ የተወሰደበት ሥርዓትና የገባበት ሥርዓት የተለያዩ ስለሆኑ አንባቢውን ወዳላሰበው ውሳኔ ይመራዋል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆን የመረጥነው በዋሽንግተን ዲሲ አለአግባብ የተሰጠ የመኪና ማቆሚያ ቅጣትን ለመቃወም የሚያገለግሉትን ቃላት ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለብዙ ተርጓሚዎች የዕለት ሥራ ነው።

አስቀድሞ ሥርዓቱን በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው የትራፊክ ጉዳዮች ውሳኔ አሰጣጥ ሕግ አብዛኛዎቹን የትራፊክ ጥፋቶች ከወንጀል ፍርድ ቤት አውጥታ ለአስተዳደር መሥሪያ ቤት ሰጥታለች። ስለዚህ ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ መኪና ማቆም ወንጀል መሆኑ ቀርቶ «ኢንፍራክሽን» ተባለ። ለዚህ «የደንብ መተላለፍ» የሚለው ሐረግ ተስማሚ ሆኖ እናገኘዋለን። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በአገራችን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የደንብ መተላለፍን በራሱ በወንጀሉ ሕግ ክልል ውስጥ ያስቀመጠ ስለሆነ፣ ሕግ የተማረ አንባቢ ቃሉን ሲያይ የወንጀል ጥላ ሊታየው ይችላል። ተርጓሚው በመግቢያው ላይ «ወንጀል ያልሆነ» የሚል ቅጽል ቢጨምር ይህን ጥላ ይገፈዋል።

በመኪናው መስተዋት ላይ የሚቀመጠው ወረቀት ስሙ በሕጉ «የደንብ መተላለፍ ማስታወቂያ» ነው። ሕዝቡ «ቲኬት» ይለዋል፤ ይህንንም ከአፉ ልንነጥቀው አንሞክርም። (እርግጥ ነው፣ በአገር ቤት ትኬት ገንዘብ ከፍሎ አውቶቡስ ወይም ቲያትር ቤት የሚገቡበት ነው፤ እዚህ ግን ከወጡ በኋላ የሚከፍሉበት ሆኗል።) የምንቃወመው «የቅጣት ወረቀት» የሚለውን ነው። ቅጣት የሚመጣው ከውሳኔ በኋላ ነው። ወረቀቱን ገና ከመነሻው ቅጣት ብሎ የጠራ ትርጉም ክርክሩን በባለመኪናው ላይ ፈርዶ ይጀምረዋል።

ዋናው ችግር ያለው ግን ባለመኪናው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። ሕጉ ሦስት መልሶችን ብቻ ያውቃል። የመጀመሪያው ገንዘቡን ከፍሎ ማመን ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝኛው «አድሚት ዊዝ ኤክስፕላኔሽን» የሚባለው ሲሆን፣ ሦስተኛው «ዲናይ» ነው። ሁለተኛውን «ከማብራሪያ ጋር ማመን»፣ ሦስተኛውን «መካድ» ብሎ መተርጎም ለማንም ቶሎ የሚመጣ ነው፤ በመዝገበ ቃላትም ሚዛን ስሕተት አይገኝበትም። በፍርድ ቤቶቻችንም ተከሳሽ «የእምነት ክህደት ቃሉን» ሲሰጥ ኖሯል።

ይህን ትርጉም የያዘውን ቅጽ ለአንድ ጨዋ አሽከርካሪ እንስጠው። ሰውየው መኪናውን በተባለው ቦታ፣ በተባለው ሰዓት አቁሟል፤ ነገር ግን ማቆም የሚከለክለው ምልክት ወድቆ ነበር፣ ወይም የማቆሚያው ቆጣሪ ተበላሽቶ ሳንቲም አልቀበል ብሎ ነበር። «መካድ» የሚለውን ሲያነብ ይደነግጣል። ክህደት በአማርኛ ከሃይማኖት መውጣት፣ ወዳጅን አሳልፎ መስጠት፣ ያዩትን አላየሁም ማለት ነውና። እርሱ ደግሞ መኪናውን ማቆሙን አይክድም። በሌላ በኩል የሚያብራራው ነገር ሞልቶታል። ስለዚህ በቅን ልቦና «ከማብራሪያ ጋር ማመን» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። በዚህች ምልክት ደንቡን መተላለፉን አምኗል፤ ከዚህ በኋላ የሚመዘነው መቀጫው ይቀነስለት ወይም ይቅርለት እንደሆነ ብቻ ነው። ምልክቱ መውደቁና ቆጣሪው መበላሸቱ ግን ማስታወቂያውን ራሱን ሊያሰርዙ የሚችሉ መከላከያዎች ነበሩ። የተሰረቀ መኪናም እንዲሁ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ፍሬ ነገር እርስ በርሱ ሲጋጭም እንዲሁ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ግስ መጠቅለላቸው ነው፤ ይኸውም ድርጊቱና መተላለፉ። ሦስተኛው መልስ የሚያስተባብለው መተላለፉን እንጂ የግድ ድርጊቱን አይደለም። «አልፈጸምኩም» ማለትም በዚሁ ምክንያት አይበቃም፤ ድርጊቱን የፈጸመን ሰው ያስዋሻልና። ስለዚህ ለሦስተኛው መልስ «ደንብ መተላለፌን አልቀበልም» የሚለውን እናቀርባለን። «አልቀበልም» ነውር የለበትም፤ መኪናውን አቁሜያለሁ ከሚል ቃልም ጋር አይጣላም። ለሁለተኛው ደግሞ «ማብራሪያ» የሚለው ቃል ጨርሶ መውጣት አለበት እንላለን፤ የሚያብራራው የሌለው ተሟጋች የለምና። በምትኩ የመልሱን ውጤት በግልጽ የሚናገረው «ደንብ መተላለፌን አምኜ፣ መቀጫው እንዲቀልልኝ ምክንያቴን አቀርባለሁ» ይጻፍ። ረዝሟል የሚል ተቺ አይጠፋም። በቅጹ ላይ ያለው ሣጥን ጠባብ ቢሆን እንኳ ሣጥኑ ይሰፋ እንጂ ትርጉሙ አይቆረጥ።

መልስ ሳይሰጥ ስለቀረ ሰው ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ጊዜው ሲያልፍ ከመጀመሪያው ገንዘብ ጋር እኩል የሆነ ሌላ ገንዘብ ይጨመራል፤ ሁለቱንም «ቅጣት» ማለት ሂሳቡን ያምታታል። የመጀመሪያውን «መቀጫ»፣ ሁለተኛውን «የመዘግየት ጭማሪ» ብንል ይለያሉ። ዝምታው ከቀጠለም ባለመኪናው እንዳመነ ይቆጠራል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም።

ውሳኔ የሚሰጠው ሰው በእንግሊዝኛው «ሂሪንግ ኤግዛሚነር» ይባላል። «መርማሪ» ብንለው ለአማርኛ አንባቢ የፖሊስ ጣቢያ ይታየዋል፤ «ዳኛ» ብንለው ፍርድ ቤት ያልሆነውን ፍርድ ቤት እናደርገዋለን። «ይግባኝ ሰሚ» እና «ሰበር ሰሚ» በሕግ አማርኛ የተለመዱ በመሆናቸው «ጉዳይ ሰሚ» የሚለው ያለ ድካም ይገባል። ጉዳይ ሰሚው የሚወስነው «ላየብል» መሆንና አለመሆንን ነው። ይህን «ጥፋተኛ» ማለት አይገባም፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚጠይቀው መኪናው በስሙ የተመዘገበለትን ሰው ስለሆነ፣ ያቆመው ወንድሙ ቢሆንም ተጠያቂው ባለቤቱ ሊሆን ይችላል። «ኃላፊ» የሚለው በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወቀ ቢሆንም፣ «ኃላፊ ሆነዋል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሹመት የመጣለት ሊመስለው ይችላል። «ተጠያቂ» ይሻላል።

ስለ ማስረጃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማስታወቂያው ራሱ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበበት ድረስ እንደ ማስረጃ ይወሰዳል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን የከተማዋ ሲሆን፣ የሚፈለገውም «ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ» ነው። የወንጀሉን «ከጥርጣሬ በላይ» የሚለውን እዚህ ማስገባት ባለመኪናውን በከንቱ ተስፋ ማሞኘት ይሆናል።

«ይግባኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ያለ ቦታው እየገባ ነው። ቃሉ ከትእዛዝ አንቀጽ ወደ ስምነት የተለወጠ ሲሆን፣ በሕግ አማርኛ የተሰጠን ውሳኔ ወደ በላይ አካል መውሰድ ማለት ነው። በንግግር ግን ማስታወቂያ የደረሰው ሁሉ «ይግባኝ እላለሁ» ሲል ይሰማል። ገና ያልተወሰነ ነገር ይግባኝ የለውም፤ የመጀመሪያው እርምጃ «መቃወም» ነው። ጉዳይ ሰሚው ተጠያቂ ካለው በኋላ ባለመኪናው ውሳኔው «እንደገና እንዲታይ» ሊጠይቅ ይችላል፤ የይግባኝ ቦርዱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል ከተጠሩ ሰውየው የትኛውን ቅጽ በየትኛው ቀን እንደሚያስገባ ማወቅ ያዳግተዋል።

በመጨረሻ ባለመኪናው ሲረታ የሚጻፍለት «ዲስሚስድ» የሚለው ቃል ይቀራል። «ጉዳዩ ውድቅ ሆኗል» የሚለው አማርኛ የማን ነገር እንደወደቀ አይናገርም፤ ተቃውሞውን የላከው ሰው የእርሱ ተቃውሞ የወደቀ መስሎት ያልተጠየቀውን ገንዘብ ሊከፍል ይችላል። «ተዘግቷል» የሚለውም ተከፍሎ ያለቀን ጉዳይ ይመስላል። «ማስታወቂያው ተሰርዟል፤ የሚከፍሉት የለም» ተብሎ ይጻፍ።