ተራራውን የወጣው ተሸካሚ

ቡና ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው የሸክምን ነገር ያውቃል። ትከሻ ይቆረጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ዛሬ የምናወጋችሁ በሸክም ሥራ ስለ ጀመረ አንድ ሰው ነው። ስሙ ቴንዚንግ ኖርጌይ ይባላል።

በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ ራስ ዳሸን ነው። ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኤቨረስት ነው። እሱ 8,849 ሜትር ነው። ሁለት ራስ ዳሸን ቢደራረብ ነው የሚበልጠው! ኤቨረስት ያለው በእስያ፣ በኔፓልና በቻይና ድንበር፣ ሂማሊያ በሚባሉት ተራሮች መካከል ነው። ጫፉን በረዶ አይለቀውም። አየሩም በጣም ስስ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ወጪዎች የሚተነፍሱትን አየር በብረት ዕቃ ተሸክመው ይወጣሉ።

ቴንዚንግ ሸርፓ ከሚባለው የተራራ ሕዝብ ነው። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ዳርጂሊንግ ሄደ። ዳርጂሊንግ በህንድ ያለች የሻይ አገር ናት፤ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የቡና አገር እንደሆኑት ማለት ነው። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኤቨረስት ለሚሄዱ እንግሊዞች በተሸካሚነት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሄደ። ስድስቱንም ጊዜ ጫፉን ሳይረግጥ ተመለሰ።

በ1945 ዓ.ም. ለሰባተኛ ጊዜ ሄደ። የጉዞው ዕቃ ከ260 ፈረሱላ በላይ ነበር። ይህን ያህል ሸክም ማን ተሸከመው? ከ350 በላይ ተሸካሚዎች ናቸው! ዕቃውን ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ደረጃ በደረጃ አወጡት። መጀመሪያ ሁለት እንግሊዞች ሞከሩ፤ ደክመው ተመለሱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 21 ቀን፣ ከረፋዱ 5፡30 ላይ ቴንዚንግና ኤድመንድ ሂላሪ ጫፉ ላይ ቆሙ። ሂላሪ የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ ሥራው ንብ ማርባት ነበር። ሁለቱ በአንድ ገመድ ተሳስረው ነበር የወጡት።

ታዲያ ሲወርዱ ጭቅጭቅ መጣ። «መጀመሪያ የረገጠው ማነው?» ተባለ። ሁሉም የመሰለውን አወራ፤ የመሰለውን ጻፈ። ቴንዚንግ ብዙ ቋንቋ ይናገራል። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ ታሪኩን በቃሉ ለአንድ ደራሲ ነገረ፤ ደራሲው ጻፈለት። በመጽሐፉም እውነቱን ተናገረ፦ ሂላሪ ጥቂት እርምጃ ቀድሞ ረግጧል።

ቴንዚንግ የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር። የጻፈለት ሰው የለማ! ስለዚህ ኤቨረስትን የወጣበትን ቀን የልደት ቀኑ አደረገው። በኋላም በዳርጂሊንግ ተራራ መውጣት የሚያስተምር መምህር ሆነ።

የተሸካሚው አደጋ ግን አላበቃም። ሚያዝያ 10 ቀን 2006 ዓ.ም. በኤቨረስት ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ 16 የኔፓል ሠራተኞችን ገደለ። መንገድ የሚያበጁና ሸክም የሚያወጡ ነበሩ።

ተራራውን የወጣው ሰው ስም ይጻፋል። የተሸካሚው ስም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እስቲ እንወያይ፦
1. የልጆቻችሁ የልደት ቀን ተጽፏል? ማን ጻፈው?
2. ቡናችሁ ሲመዘን ቁጥሩን የሚያነበው ማነው?