ከኮሎኖስኮፒ በፊት ያለችው ሌሊት

ኮሎኖስኮፒ የታዘዘለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው መሣሪያውን ነው። ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ያለው፣ ውፍረቱ ጣት የሚያህል፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ከዳር እስከ ዳር ያያል ሲባል የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ምርመራውን ያለፉ ሰዎች ግን ስለ ቱቦው የሚያወሩት ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ተኝተው ስለነበር ትዝም አይላቸው። የሚያወሩት አንጀትን ለማጽዳት ስለሚጠጣው መድኃኒት፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱና እንቅልፍ ስላጡባት ሌሊት ነው። ያቺን ሌሊት እንደ መቅድም፣ ቶሎ አልፋ ወደ ዋናው ጉዳይ እንደምታደርስ ጣጣ የሚቆጥር ብዙ ነው። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ እሷው ራሷ ናት እላለሁ። ሐኪሙ የሚያየውም የሚያልፈውም በአመዛኙ የሚወሰነው ተመርማሪው ገና ቤቱ ሳለ በበላውና በጠጣው ነው።

ትልቁ አንጀት ወይም ደንዳኔ በአዋቂ ሰው ሆድ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። በቀኝ በኩል ከትርፍ አንጀት አጠገብ ይጀምርና ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሆድን አቋርጦ፣ በግራ በኩል ወርዶ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ዕድሜ ሲገፋ በውስጠኛው ግድግዳው ላይ ፖሊፕ የሚባሉ ትርፍ ሥጋዎች ይበቅላሉ። አብዛኞቹ ምንም ሳያደርሱ ይኖራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ወስደው ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። የኮሎኖስኮፒ ጥቅም የመጣው ከዚህ ዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊሊያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ በኒው ዮርኩ ቤት እስራኤል ሆስፒታል በቱቦው ውስጥ ባሳለፉት የሽቦ ቀለበት ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ከፊንጢጣ ርቆ የበቀለ ፖሊፕ የሚወጣው ሆድ ተከፍቶ ነበር። ዛሬ ማየትና ማውጣት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ሆኗል። በ2012 የታተመ የረጅም ዓመታት ክትትል እንዳሳየው፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ የወጣላቸው ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የሞቱት ከአጠቃላዩ ሕዝብ አኳያ ከሚጠበቀው በ53 በመቶ ባነሰ ቁጥር ነው።

ካሜራው ግን የሚያየው የተገለጠለትን ብቻ ነው። ፖሊፕ ሁሉ እንደ እንጉዳይ ግንድ አውጥቶ አይቆምም። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ ቀለሙም ከግድግዳው ቀለም እምብዛም አይለይም። ይህን ዓይነቱን ለመሸፈን ስስ የሰገራ ሽፋን ይበቃል። የባሰው ደግሞ ጠፍጣፎቹ የሚበዙት በቀኝ በኩል፣ ቱቦው በመጨረሻ በሚደርስበት የአንጀት ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው፤ ለማጽዳት የሚያስቸግረውም ይኸው ክፍል ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በሐምሌ 1985 ኮሎኖስኮፒ ሲደረግላቸው ትልቁ እጢ የተገኘው እዚያው የቀኙ ጫፍ ላይ ነበር፤ በማግስቱ በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በዋዜማው ምሽት፣ ግማሹ ከምርመራው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ እንዲጠጣ የሚታዘዘውም ይህ የቀኙ ክፍል ንጹሕ እንዲሆን ነው። አንድ ሰው ሁሉንም በምሽት ጨርሶ ቢተኛ፣ ከትንሹ አንጀት ሌሊቱን ሲወርድ የሚያድረው ፈሳሽና ሐሞት የቀኙን ክፍል እንደገና ይለብሰዋል። በሌሊት ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዓት ተነስቶ መጠጣት ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ግማሽ የሚያጥበው ከመጀመሪያው በኋላ የወረደውን ስለሆነ የሚታለፍ አይደለም። «ከወዲሁ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣኝ» ብሎ መተው በዝግጅት ላይ ከሚፈጸሙት የተለመዱ ስሕተቶች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክንያታዊ ተቃውሞ ይነሳል። ጎበዝ ሐኪምና አዲስ መሣሪያ ካለ የተረፈውን አጥቦ አያይም ወይ? የሐኪሙ ችሎታ ለውጥ እንደሚያመጣ አያጠራጥርም። በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሐኪሙ ከሚመረምራቸው ሰዎች መካከል ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ የሚያገኝባቸው ድርሻ በአንድ መቶኛ ነጥብ በጨመረ ቁጥር ተመርማሪዎቹ ኋላ በካንሰር የመያዛቸው ዕድል በ3 በመቶ ይቀንሳል። ቱቦው ውሃ የሚረጭበትና የሚመጥበት መስመርም አለው። ቀጭን ፈሳሽ በዚያ ይወገዳል፤ ፍሬ፣ ገለባና የተጋገረ ሰገራ ግን መስመሩን ይደፍኑታል። ጎበዙም ሐኪም ግድግዳውን ሊመረምርበት የሚገባውን ጊዜ በማጠብ ያጠፋዋል። እንዲያውም ችሎታ የሚታየው ጥቃቅኑን በመለየት ላይ ስለሆነ ዝግጅት ሲጓደል አብዝቶ የሚባክነው የጎበዙ ሐኪም ችሎታ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ማዕድ ቤት ይመጣል፤ ለእኛ ሰው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሎች የሚሰጡት መመሪያ ከምርመራው በፊት ባሉት ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት ገለባና ፍሬ የሌለው ምግብ ብቻ እንዲበላ ያዛል። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የሚኖር አበሻ የሚደርሰው ወረቀት ስለ ቡናማ ዳቦ፣ ስለ ለውዝና ስለ በቆሎ ፈንድሻ ይዘረዝራል፤ ስለ ጤፍ፣ ስለ ሽሮና ስለ ቆሎ ግን ብዙ ጊዜ አንድም ቃል የለውም። አንባቢው ያልተከለከለ የተፈቀደ መስሎት እንጀራውን ይበላል። ጤፍ ከነገለባው የሚፈጭ እህል ነው፤ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት መቅረት አለበት። ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ እንዲሁም በድልህና በዳቦ ውስጥ የሚገባው ጥቁር አዝሙድ አብረው ይቀራሉ። ዘይቱንና በለስ ፍሬያቸው ብዙ ስለሆነ ከዚያም ቀድመው ቢቀሩ ይመረጣል። በምትካቸው ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የዶሮ ሥጋና የተላጠ ድንች ይበላሉ። በዋዜማው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ አተላው የቀረ ጥቁር ቡና፣ የተጣራ መረቅ፣ የተጣራ የአፕል ጭማቂ፣ በውሃ የተበጠበጠ ማር። ጭማቂ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ትዝ የሚለው በማንኪያ የሚበላው አቮካዶና ማንጎ ነውና ይህን አበክሮ መናገር ያስፈልጋል፤ እሱ አይፈቀድም። አጥሚትም፣ እርጎም እንዲሁ። ቀይና ሐምራዊ መጠጦችም ይከለከላሉ፤ ቀለማቸው አንጀት ውስጥ ሲታይ ደም ይመስላል።

ጾመኛ ለሆነ ሰው ሌላ ችግር አለ። ጾም ላይ ስለሆንኩ ሆዴ ቀላል ነው፣ ግማሹን ዝግጅት ጨርሻለሁ ብሎ ማሰብ ያለ ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በየዓይነቱ ላይ የሚወጣው ሁሉ፣ ከምስሩ እስከ ጎመኑ፣ ገለባ የበዛበት ነው፤ ለዝግጅት የሚፈቀዱት እንቁላልና ዶሮ ደግሞ በጾም አይበሉም። ነጭ ሩዝ፣ በዘይት የተሠራ ፓስታ፣ የተላጠ ድንችና ነጭ ዳቦ ከጾሙም ከዝግጅቱም ጋር ይስማማሉ፤ በዶሮ መረቅ ፋንታም የተጣራ የአትክልት ውሃ መጠጣት ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ግን ከዚህ ዝግጅት ጋር አይሄድም፤ የመድኃኒቱን ቀን ሙሉ በብዛት መጠጣት ግዴታ ነው። ምርመራው ከጾም ወቅት ውጭ መዋል ከቻለ ቀጠሮውን ማዛወር፣ ካልቻለም የንስሐ አባትን ማማከር የሚበጅ ይመስለኛል። በረመዳን ለሚጾም ሙስሊምም ነገሩ ያው ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ዛሬ በሰፊው የሚታዘዘው ፖሊኢትሊን ግላይኮል ከጨዋማ ማዕድናት ጋር የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። ሁለት ወይም አራት ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በየዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃው አንድ ብርጭቆ እየተባለ ይጠጣል። ይህ ንጥረ ነገር ወደ ደም አይሰርግም ማለት ይቻላል፤ የተበጠበጠበትን ውሃ ይዞ በአንጀት ውስጥ ያልፋል፤ ማዕድናቱም የሰውነት ጨው እንዳይዛባ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ውሃውን ቀንሶ ማወፈር መድኃኒቱን ማበላሸት ነው። ማቀዝቀዝና በስትሮ መምጠጥ ጣዕሙን ያስችላል፤ ማቅለሽለሽ ከመጣ ግማሽ ሰዓት አርፎ መቀጠል ይቻላል። ለአገራችን ሰው ሆድን በመድኃኒት ማጠብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶን ትል ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰውም ከሥራ ቀርቶ፣ እንግዳ ሳይቀበል ቤቱ ቢውል የሚታማበት አልነበረም። ከዚያ ልማድ የምንወስደው ቀኑን ነጻ ማድረጉንና አለማፈሩን ነው። ኮሶንም ሆነ ሰናሜኪን በራስ ውሳኔ በታዘዘው ቦታ መተካት ግን አይገባም። ይህ እጥበት በራሱ ጤና ይሰጣል የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም፤ ለማየት እንጂ ለመፈወስ አይደለም።

ዝግጅቱ ለሁሉ ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። በፎስፌት ጨው የሚሠራ የማስቀመጫ መድኃኒት ውሃ የሚስበው ከሰውነት ነው፤ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ምርጫ ከፋርማሲ ገዝቶ መጠጣት የሌለበትም ስለዚህ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ የተለመደውን የኢንሱሊን መጠን ቢወጋ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል መጠኑን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ያቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በራስ ማቆም ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። የአይረን ክኒን ሰገራን አጥቁሮ ስለሚያጣብቅ ብዙ ጊዜ ከሳምንት ገደማ በፊት እንዲቆም ይነገራል።

ምርመራው ራሱ አጭር ነው። ተመርማሪው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፋል፤ እንደየቦታው የሚያረጋጋ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አንጀቱ እንዲከፈት አየር ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል፤ ነቅተው የሚመረመሩ ሰዎች የሚሰማቸው ቁርጠትም በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ቱቦውን እስከ ቀኙ ጫፍ ያደርሰዋል፤ በጥንቃቄ የሚመለከተው ግን ሲመለስ ነው፤ ለመመለሻው ቢያንስ 6 ደቂቃ መውሰድ አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው። ፖሊፕ ሲቆረጥ ሕመም የለውም። ከዚያ በኋላ ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ይወጣል፤ በዕለቱ መኪና መንዳት ስለማይፈቀድ የሚሸኝ ሰው ያስፈልጋል። ጽኑ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ከታየ ወዲያው ወደ ሐኪም መመለስ ይገባል። አደጋው አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ በ2021 በአሜሪካ የተጠናቀረ ግምገማ ከ10,000 የቅድመ ምርመራ ኮሎኖስኮፒዎች በ3 ገደማው አንጀት እንደሚበሳ፣ በ15 ገደማው ከባድ መድማት እንደሚያጋጥም ያሳያል።

ከባዱ ተቃውሞ ከዝግጅቱ አልፎ ምርመራውን ራሱን ይመለከታል። በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን ከ84,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ጥናት ለኮሎኖስኮፒ መጋበዝ በ10 ዓመት ውስጥ በካንሰሩ የመያዝን ዕድል የቀነሰው በ18 በመቶ ብቻ፣ ማለትም ከ1.20 ወደ 0.98 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በሞት ላይ የታየው ልዩነትም አስተማማኝ አልነበረም። ይህን ይዞ «ልፋቱ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። ከተጋበዙት መካከል የተመረመሩት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በትክክል የተመረመሩትን ብቻ ለይቶ ሲሰላ ቅነሳው ወደ 31 በመቶ ከፍ ይላል። እሱም ቢሆን ተአምር አይደለም፤ ቸል የሚባልም አይደለም። የሰገራ ምርመራ ይበቃኛል የሚል ሰውም አልተሳሳተም፤ እስራኤል ከ50 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች የምትመክረው በየዓመቱ ይህንኑ ነው። አሜሪካ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ቅድመ ምርመራው በ45 ዓመት እንዲጀመር ትመክራለች፤ ዘዴውን መምረጥ የሰውየው ነው። ሰገራው ላይ ደም ሲገኝ ግን መንገዱ ተመልሶ ወደ ኮሎኖስኮፒ ይወስዳል። በኢትዮጵያ ምርመራው በአብዛኛው የሚታዘዘው ምልክት ለታየባቸው ነው፤ ደም ያየ ሰውም ብዙ ጊዜ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ታይቶ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ተመርማሪው ፖሊፕ ተገኘ አልተገኘም ከሚለው ቀጥሎ የሚያነበው አንድ መስመር አለ። ብዙ ሐኪሞች የአንጀቱን ንጽሕና በቦስተን መለኪያ ይመዘግባሉ፤ የቀኙ፣ የመካከሉና የግራው ክፍል እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ9 ነው። ሦስቱም 2 እና ከዚያ በላይ ካገኙ፣ ቱቦውም የቀኙን ጫፍ ከደረሰና ምንም ካልተገኘ፣ በቤተሰቡ ካንሰሩ የሌለበት ሰው ብዙ ጊዜ ለ10 ዓመት አይመለስም። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከዚያ ካነሰ «ምንም አልተገኘም» የሚለው ቃል ያን ክፍል አይጨምርም፤ ሰውየውም በአንድ ዓመት ውስጥ ዝግጅቱን ከመጀመሪያው ይደግማል።