አንድ ቀን በኦሳካ ገበያ

ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄደች እናት ጉዳይዋን ጨርሳ ለመመለስ ስትሰናዳ ብዙውን ጊዜ የምትተርፋት አንዲት ቀን ብቻ ናት። በዚያች ቀን አገሩንም ማየት፣ የቤተሰቡንም አደራ መፈጸም አለባት። እኔም በጃፓን የሦስት ወር ሥልጠና ጨርሼ ልነሳ ስል የገጠመኝ ይኸው ነው። በእጄ የቀረው 20 ሺህ የን ሲሆን በቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ አንዲት ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ የስድስት ዓመት ሴት ልጄ የእግር ልክ ናት፤ ከቤት ልወጣ ስል ወለሉ ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ የሣልኩት። «ጫማ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብያታለሁ።

ኦሳካ ከቶኪዮ በስተምዕራብ የምትገኝ የቆየች የነጋዴዎች ከተማ ናት። ጃፓኖች ስለ ኦሳካ ሰው ሲያወሩ፣ ለመብል ሲል ኪሱን የሚያራግፍ ነው እያሉ ይቀልዳሉ።

ጉዞዬን የጀመርኩት ጧት በምድር ውስጥ ባቡር ነው። ሚዶሱጂ የተባለው መስመር እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋርጣል። በሥራ ቀናት ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ አለው፤ ምልክቱ ሮዝ ቀለም ነው። ይህ የተደረገው በግፊያ መካከል ሴቶችን ከሚነካኩ ባለጌዎች ለመጠበቅ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳችንን በደረታችን አቅፈን ለምንቆም ሴቶች ነገሩን ማብራራት አያስፈልግም።

ባቡር ለውጬ በቅድሚያ ያየሁት የኦሳካን ግንብ ነው። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የተባለው የጦር መሪ በ1583 እ.ኤ.አ. ማሠራት የጀመረው ይህ ግንብ በ1615 በጦርነት ወደመ፤ እንደገና ቢሠራም በ1665 መብረቅ አቃጠለው። ዛሬ የሚታየው ዋናው ሕንፃ ነዋሪዎቹ ባዋጡት ገንዘብ በ1931 በኮንክሪት የታነጸ ነው። ውስጡ ሙዚየም ሲሆን አሳንሰርም አለው። ገንዘባችሁ ከተመናመነ ግን ቅጥር ግቢውን መዞር በነጻ ነው፤ ወደ ዋናው ሕንፃ ለመግባት ግን ይከፈላል። እኔም በግዙፎቹ የድንጋይ ካቦች ሥር ተቀምጬ፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለች የሩዝ ድብልብሌን በልቼ ተነሣሁ።

ከዚያ በእግርም በባቡርም ናምባ ወደተባለው ሰፈር ወረድኩ። በአቅራቢያው ዶጉያሱጂ የሚባል፣ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ አለ። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ወንፊቱ፣ ሳህኑ ከበር እስከ በር ተደርድሯል። እዚህ ለእናቴ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት መክተፊያ የሚሆን ቢላዋ በ6,500 የን ገዛሁ። በኦሳካ አጠገብ ያለችው የሳካይ ከተማ በቢላዋ ሥራ ከጥንት የታወቀች ናት። ቢላዋ የገዛችሁ እንደሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት እንጂ በእጅ ቦርሳ ይዛችሁ አይሮፕላን ለመግባት አትሞክሩ።

የጎረቤቴ አደራ የኤሌክትሪክ የሩዝ ማብሰያ ነበር። ዋጋውም ደህና ሆኖ አገኘሁትና ልከፍል ስል ገልብጬ ሥሩን አየሁ፤ «100 ቮልት» ይላል። የጃፓን ቤቶች ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። አምጥቼ ብትሰካው በዚያው ቅጽበት ይቃጠልባት ነበር። ስለዚህ ለውጭ አገር ተብሎ የተሠራና 220 የሚል ካልሆነ በስተቀር ማብሰያም ሆነ የፀጉር ማድረቂያ ከዚያ አትግዙ። ለጎረቤቴ ፉሮሺኪ የሚሉትን፣ ዕቃ እየተጠቀለለ የሚያዝበትን ባለ አበባ ጨርቅ ያዝኩላት።

በአብዛኞቹ ሱቆች ዋጋ መከራከር የለም፤ ምራቂም አይጠየቅም፤ ጉርሻም አይሰጥም። ገንዘቡን በእጅ ከመቀበል ይልቅ ትንሽ ሰሃን ያቀርባሉ። በዋጋ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር ካያችሁ የምትከፍሉት ትልቁን ነው፤ ቀረጥ የተጨመረበት እሱ ነውና።

ጫማውን ያገኘሁት ሺንሳይባሺ በሚባለው፣ 600 ሜትር ያህል በሚረዝመውና ጣሪያ በለበሰው የገበያ መንገድ ላይ ነው። ሻጯ ወረቀቷን በሁለት እጇ ተቀብላ ማስመሪያ አስጠጋችባት። በጃፓን የጫማ ቁጥር ማለት የእግሩ ርዝመት በሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሌላ ስሌት አያሻውም፤ 18 ሆነ። ቀጥላ በስልኳ መተርጎሚያ «መቼ የተሣለ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ከሦስት ወር በፊት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና 18ቱን መልሳ 19 ቁጥር አመጣች።

እንዳልደውል በኦሳካ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ገና ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ናት። ያን ጊዜ የገባኝ ስለ ጫማው ብቻ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ አውጥቼ የማያት ወረቀት ባለችበት ቆማ፣ ልጄ ግን እያደገች ኖሯል። ሻጯ ዝም ብላ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ የእርሷንም ልጆች ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ሁለት ናቸው። 19 ቁጥሩን በ2,900 የን ወሰድኩ።

ከመመለሴ በፊት ቡና ልጠጣ ገብቼ የዋጋ ዝርዝሩን ሳይ «ሞካ» የሚል አነበብኩ። በጃፓን የእኛም ቡና ከየመኑ ጋር በዚሁ ስም ይሸጣል። ስኳር ሳልጨምር ጠጣሁት።

እቤት በገባሁ ማታ ልጄ ጫማውን አጥልቃ ከሳሎን እስከ ጓዳ ሮጠች። ተረከዟ ላይ ጣቴን ባስገባ ትንሽ ቦታ ተርፏል፤ እስከ ክረምት ያደርሳታል።

እናቶች፤ የልጃችሁን እግር በወረቀት ሥላችሁ ስትሄዱ ቀኑን ጻፉበት። በተመለሳችሁም ጊዜ አዲስ ሣሉ።