እርጥብ ግድግዳ፣ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ

ሐምሌ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ወሬ ይቋረጣል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቴሌቪዥኑም ሰውም አይሰማም፤ በረዶ ከተቀላቀለበትማ ቡናው የሚታደለው በምልክት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሥራ ይቀጥላል። ውኃው ከግድግዳው ሥር ወደ ላይ ይሳባል፣ ከአልጋው ጀርባ ሻጋታ ይወጣል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው ልብስ መሽተት ይጀምራል። የቤቱ ሰዎች «ይሄ ቤት ይበርዳል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቅዝቃዜው ከየት እንደሚመጣ ሳይለዩ የሚደረግ እድሳት ግን ቤቱን ከነበረበት አብሶ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያወርዳሉ። በክረምት ደመናው ሌሊቱን ከጠንካራ ብርድ ይከላከለዋል። አጥንት የሚሰብረው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። የከተማዋ ቤት እንግዲህ መጀመሪያ እርጥበቱን፣ ቀጥሎ ብርዱን መቻል አለበት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሳይደርቅ የቀረ ግድግዳ ኅዳርን የሚቀበለው እርጥብ ጋቢ ለብሶ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ የከተማዋ ምዕራባዊ ክንፍ ነው፤ ከኮልፌና ከአጠና ተራ ተነሥቶ በዘነበወርቅና በአየር ጤና በኩል ወደ ቤተልና ወደ ካራ ቆሬ ይዘረጋል። ኮንዶሚኒየም አለው፣ ቪላ አለው፣ አጥሩ ከቤቱ የሚበልጥ ግቢም አለው። በየመሃሉ ያሉት የቆዩ ቤቶች ግን በአብዛኛው ጭቃ ቤቶች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ፣ ከአዲስ አበባ ቤቶች የአብዛኞቹ ግድግዳ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነበር።

ጭቃ ቤት ላላየው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። መነሻው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ከተማዋን ከእንጨት እጦት ያወጣት ዛፍ። ቋሚዎቹ ተቀራርበው መሬት ውስጥ ይተከላሉ፣ ማገሩ በአግድም ከውስጥም ከውጭም ይመታል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ውኃ ጠጥቶ ለቀናት፣ ሲያሰኝም ለሳምንታት እንዲብላላ ይተዋል፤ በየመሃሉ በእግር ይረገጣል። ጭዱ ሲልም ጭቃው መጣበቅ ይጀምራል። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መሃል ይጠቀጠቃል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህን ያየ ባለሙያ አይደነግጥም፤ ስንጥቁ የሚቀጥለውን ምርጊት ስለሚይዝለት እንዲያውም ይፈልገዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ላዩ በደቃቅ ጭቃ፣ አንዳንዴም እበት በተቀላቀለበት ጭቃ ይለሰናል፤ ከዚያ ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል። ሥራው ሲያልቅ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ግድግዳ ይቆማል።

ይህ ግድግዳ «ይሞቃል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ጭቃ ሙቀት እንዳያልፍ በመከልከል ያን ያህል ጎበዝ አይደለም። ጎበዝነቱ በማጠራቀም ላይ ነው፤ ቀን የወሰደውን ሙቀት ቀስ እያለ ማታ ይመልሳል። ቀኑና ሌሊቱ በሙቀት እጅግ በሚራራቁበት የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። እርጥበትንም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ቤተሰብ በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ ልብስ በማጠብና ቤት ውስጥ በማስጣት በየቀኑ በርካታ ሊትር ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል፤ ጭቃው ከዚህ የተወሰነውን ይመጥጣል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይተፋዋል። ሁሉም የሚሠራው ግን ግድግዳው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። በጭቃውና በጭዱ መሃል ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች አየር ሲይዙ ሙቀትን ይገታሉ፤ ውኃ ሲሞላቸው ግን ውኃ ሙቀትን ከረጋ አየር ከሃያ እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ያው ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውጭ መስደድ ይጀምራል።

ዋናው ሙቀት የሚያመልጠው ደግሞ በላይ በኩል ነው። አያቶች የኖሩበት ጎጆ ወፍራም የሳር ክዳን ነበረው፤ በሳሩ መሃል የታፈነው አየር ሙቀቱን ይይዘው ነበር። ቆርቆሮ ከእሳትና ከየጊዜው ሳር መቀየር ገላገለ፣ ዝናቡንም በደንብ መለሰ፤ ሙቀት በመያዝ በኩል ግን ምንም የለው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥር ሲጨምር ብረቱ እንደሚሳሳ ገዢ ሁሉ ያውቃል፤ ባለ 28 ጌጁ እንኳ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ይህ ስስ ብረት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር ራሱ በታች ይቀዘቅዛል። ከታች የሚወጣው የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት እዚያ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ንጋት ላይ ፊት ላይ ጠብ የሚለው ውኃ ሁልጊዜ የጣሪያ ቀዳዳ ምልክት አይደለም፤ ዝናብ በሌለበት በታኅሣሥም የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። ስንቱ አናጢ የሌለ ቀዳዳ ሲደፍን ኖሯል!

በጭቃ ቤት ውስጥ ሙቀት ለመያዝ ተብሎ የተጨመረ ነገር ካለ ኮርኒስ ነው። ቀድሞ አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ ይቀባ ነበር። አቅም ያነሰው ማዳበሪያ ሰፍቶ ይመታል፤ ትንሽ ያለው ቺፑድ ያደርጋል፤ የቅርብ ጊዜው ፋሽን ፒቪሲ ነው። አቡጀዲውና ማዳበሪያው አይጥ ሲሯሯጥባቸው ማን የት እንዳለ ከታች ይታያል፤ ቢሆንም በእነሱና በቆርቆሮው መሃል የሚቀረው አየር ከምንም ይሻላል። ችግሩ ያ አየር አለመርጋቱ ነው። በግድግዳውና በጣሪያው መገናኛ ነፋስ ይገባበታል፣ በስፌቱ በኩል እንፋሎት ያልፋል፣ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ያ ካርታ የሚመስል ቡናማ እድፍ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ገንዘብ ሲገኝ ግን የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ጣሪያው አይሄድም፤ ወደ ሲሚንቶ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ይመታና በሲሚንቶ ይለሰናል፣ በዘይት ቀለም ይቀባል። ቤቱ ከመንገድ ሲታይ ብሎኬት ይመስላል፤ የከተማ ሰው ለዚህ መልክ የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ የለውም። ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ወደ ሊጥነቱ ይመለሳል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚታየው ንጹሕ ግድግዳ ነው።

ይህ የኮልፌ ስሕተት ብቻ አይደለም። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የታደሱት ግን በሲሚንቶና በአርማታ ነበር፤ በኋላ የመጡት የጥገና ሥራዎች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ በታኦስ አቅራቢያ ያለው የቅዱስ ፍራንሲስ የጭቃ ጡብ ቤተ ክርስቲያንም በ1967 እ.ኤ.አ. በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። ከአሥር ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ እርጥበቱ ግድግዳውን ሲበላው ሲሚንቶው ተነሣ፤ ምእመናኑ ዛሬም በየዓመቱ ተሰብስበው በጭቃ ይለስኑታል። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ልስን ጭቃ ወይም ኖራ ነው፤ ሁለቱም እንፋሎት ያሳልፋሉ፣ ከግድግዳውም ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ጥፋቱም የአፈሩ አይደለም፤ ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራው ባለ ፎቅ ቤት አፈር ዛሬም የከተማ ቤት መሥሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ታዲያ እድሳቱ ከየት ይጀመር? ከእግር። በብዙ ሰፈሮች መንገዱ ጠጠር ሲደፋበት፣ ቀጥሎ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ከፍ እያለ ሄዶ የቤቱ ወለል ከመንገዱ በታች ቀርቷል፤ ጎርፉ የሚፈልገው ደግሞ ዝቅ ያለውን ነው። ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ማንሣት፣ ውኃውን ከቤቱ የሚያርቅ ትንሽ ቦይ መቅደድ፣ አሸንዳ መግጠምና የአሸንዳውን ውኃ በርሜል ውስጥ ወይም ራቅ ወዳለ ቦታ ማድረስ፤ ከሁሉም እድሳት ርካሹ ይህ ነው፣ ለውጡም ቶሎ ይታያል። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ የሚያወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ሲገርፈው ይከርማል። እግሩ የበሰበሰ ቋሚ ካለ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ በሥሩ የድንጋይ መሠረት ገብቶ ጭቃው ከድንጋዩ በላይ እንዲጀምር ይደረጋል። የፕላስቲክ ምንጣፍ የተነጠፈበት የአፈር ወለል ገለጥ ተደርጎ ቢታይ ሥሩ ረጥቦ ይገኛል፤ ከወለሉ አፈር በታች ጠጠር ማስገባት ሽታውን ያስቀረዋል። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከውጪው ግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

ጣሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በየዕቃው ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኮርኒስ ላይ ቢነጠፍ፣ ሙቀት በመያዝ አንድ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው የጭቃ ግድግዳ ጋር ይቀራረባል። ደረቅ ጭድና ሰጋቱራም ወፈር ካሉ ይሠራሉ፤ አይጥ ግን ጭዱን ይወደዋል፣ እሳት ደግሞ ሁሉንም ይወዳል፤ ፎሙም ይነዳል። በአሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ ገመዱ በኮርኒሱ ላይ ተዝረክርኮ ስለሚያልፍ፣ ገመዱን በቱቦ ሳያስገቡ ምንም ነገር ላዩ ላይ መደልደል አደጋ ነው። አቀማመጡም ሥርዓት አለው። ከታች፣ በሞቃቱ ክፍል በኩል፣ እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክና ቀዳዳ የሌለው ኮርኒስ ይሆናል፤ ከላዩ ሙቀት ያዡ ይነጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ከቆርቆሮው ጋር ሳይነካካ ከዳር እስከ ዳር አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ከተዘጋ ጤዛው መሄጃ ያጣና የተነጠፈውን ያረጥበዋል። የዝናቡን ጩኸት መቀነሱ ያልተከፈለበት ትርፍ ነው።

ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ቤትን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ከሌላው አገር የከፋ መዘዝ አለው፤ ምክንያቱ ከሰል ነው። ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጨርቅ የተወተፈበት የድሮ ቀዳዳ የሰው ሕይወት ሲያተርፍ የኖረ ሊሆን ይችላል። ምድጃው ውጭ ወይም ለብቻው ባለ ማድቤት ካልሆነ፣ ከፍ ያለ የአየር መውጫ ሳይተዉ ኮርኒሱን ማጥበቅ አይገባም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ቤተሰብም ላያደርገው የሚችልበት ምክንያት አለ፤ ቤቱ የቀበሌ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቆየ፤ በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይቀየርም። ተከራዩ ልጠግን ሲል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጠግኖም ቤቱ የእሱ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በከተማዋ ብዙ አሮጌ ሰፈሮችን ሲያነሣ ያየ ሰው፣ ነገ ለሚፈርስ ቤት ፎም ልግዛ ወይ ብሎ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚበጀው ከእግር የሚጀመረው ሥራ ነው፤ አሸንዳው ተነቅሎ ይሄዳል፣ ቦዩ ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ በሰሌዳ የተገጠመ ፎምም ተነሥቶ ሌላ ቤት ይገባል።

ጊዜውን መምረጥም የሥራው አካል ነው። ቦዩና አሸንዳው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለባቸው። የሲሚንቶ ልስን የሚላጠው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት ሲሆን፣ የተገለጠው ጭቃ ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ይተዋል፤ አዲሱ የጭቃ ወይም የኖራ ልስን ከዚያ በኋላ ይመታል። ኮርኒሱ የመጨረሻው ነው፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ከተዘጋ ውስጥ የቀረው ውኃ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ አዲሱን ፎም ያገኘዋል።